በሱቅ መስታወት ላይ የተለጠፈች ማስታወቂያ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው ሰው ኪት ኧርባን ይባላል። አውስትራሊያ ውስጥ አድጎ በአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ ትልቅ ስም ያገኘ ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ነው። ካንትሪ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚሉን ኬኒ ሮጀርስና ዶሊ ፓርተን ናቸው፤ የእሱም ሙዚቃ የዚያው ወገን ነው። የሴቶች ማኅበር ስለ ዘፋኝ ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም። እኛን የሳበን ጊታሩን የተማረበት መንገድ ነው።

ኪት እ.ኤ.አ. በ1967 በኒውዚላንድ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ኩዊንስላንድ ተሻገረ። ወላጆቹ ሱቅ ነበራቸው። ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው አንዲት የጊታር አስተማሪ ማስታወቂያዋን በሱቁ መስታወት ላይ ለመለጠፍ ፈቃድ ጠየቀች። እነሱም ልጃቸውን እንድታስተምርላቸው ተነጋግረው ፈቀዱ። እሷ ሙያ ነበራት፤ ተማሪ ፈላጊ ናት። እነሱ ደግሞ አላፊ አግዳሚው የሚያየው መስታወት ነበራቸው። ያላቸውን ተለዋወጡ፤ ልጁም ጊታር ያዘ።

ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የአባላትን ልጆች እርስ በርሳችን እናስተምር የሚለው ሐሳብ በመካከላችን ከቀረበ ወራት አልፈዋል፤ እስካሁን አልወሰንንም። ልብስ የምትሰፋ አለችን፣ ሒሳብ የምታስጠና አለችን፣ ቀን ቀን ባዶ የሚውል ክፍል ያላትም አለች። ያከራከረን የሰዓቱ ነገር ነው፤ ማን ይቆጥረዋል፣ አንዷ ብዙ ሰጥታ ሌላዋ ጥቂት ብትሰጥስ? ስጋቱ እውነት ነው። ኩዊንስላንድ ላይ ግን ስምምነቱ ገና ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር፦ መስታወቱ ለትምህርቱ። እኛም ሁለቱ ወገኖች የሚሰጡትን አስቀድመው ቢነጋገሩና በመዝገብ ቢያሰፍሩ ብዙው ቅሬታ ከመነሻው ይቀራል ብለን እናምናለን።

መቼም ማስታወቂያዋ ብቻዋን ኮከብ አላደረገችውም። በ1990 በታምዎርዝ የካንትሪ ሙዚቃ ፌስቲቫል የጀማሪዎችን ውድድር አሸነፈ። በ1992 የካንትሪ ሙዚቃ መዲና ወደሆነችው ናሽቪል ሄደ። እዚያ ማንም እጁን ዘርግቶ አልጠበቀውም። ለሌሎች ዘፋኞች ጊታር ይጫወት ነበር፤ ከጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁመው በ1997 አንድ አልበም አወጡ። በአሜሪካ የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነ የመጀመሪያ ዘፈኑ የተሰማው በ2001 ነው። ከሄደ ዘጠኝ ዓመት! ስልጠና በወሰደች በስድስተኛው ወር ገቢዋ ስንት ደረሰ ተብላ ለምትጠየቅ እህታችን ይህን ቁጥር እናቆይላት። ደጋፊዎቻችንም ቢይዙልን ደስ ይለናል።

በ2005 የአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አቅራቢ አለው፤ በ2018ም ደገመው።

የሚከብደውን ክፍል ብንዘልለው ግን ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ኪት የኮኬይንና የመጠጥ ሱሰኛ ነበር። ገና ሳይታወቅ በ1998 ለሕክምና ገባ። ዝናው ከመጣ በኋላም ሱሱ ተመለሰ። በ2006 ተዋናይቷን ኒኮል ኪድማንን ባገባ አራት ወር ሳይሞላ፣ እሷ ከቅርብ ሰዎቹ ጋር ሆና ፊት ለፊት አነጋገረችው፤ ሕክምና ገብቶም ሦስት ወር ያህል ቆየ። በእኛ ቤቶች መጠጥም ሆነ ጫት ሲገባ ጎረቤት እንዳይሰማ በር እንዘጋለን፤ ጭንቀቱንም ሚስት ወይም እናት ብቻዋን ትሸከመዋለች። ኒኮል ብቻዋን አልገባችበትም። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት ብትኖር፣ ሁለት ሦስት ሆነን አብረናት ለመሄድ ዝግጁ ነን፤ ስሟ ከዚያ ክፍል አይወጣም።

የልውውጡ መዝገብ ከጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። በግራው ገጽ የምትሰጡትን፣ በቀኙ የምትፈልጉትን ጻፉ። እስከሚቀጥለው ስብሰባ አሥር ስም ከሞላ እንጀምራለን።