የአፖሎስ ሪቯር ፈለግ፦ የአንድ ሁጉኖት ስደተኛን ዘር መቁጠር

ሁጉኖት የሚባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። በ1598 እ.ኤ.አ. የወጣው የናንት አዋጅ በእምነታቸው እንዲኖሩ ፈቅዶላቸው ነበር፤ ሉዊ 14ኛ በ1685 ሻረው። ሰባኪዎቻቸው ሲባረሩ ምእመኑ ከአገር እንዳይወጣ ተከለከለ፤ ሲያመልጥ የተያዘ ወንድ የንጉሡን መርከብ እንዲቀዝፍ ይፈረድበት ነበር። ያም ሆኖ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሰው ተሰደደ።

አፖሎስ ሪቯር በ1702 ቦርዶ አካባቢ ተወለደ። በልጅነቱ ጌርንዚ ደሴት ወደሚኖረው አጎቱ ተላከ፤ በ13 ዓመቱ ግድም ቦስተን ደርሶ ብር አንጥረኛው ጆን ኮኒ ዘንድ ሙያ ለመማር በውል ገባ። ኮኒ በ1722 ሞተ። ንብረቱ ሲቆጠርና ሲገመት፣ ከውሉ የቀረው የልጁ ጊዜ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ከሟቹ ሀብት ጋር በ30 ፓውንድ ተመዘገበ። እዚህ ላይ አድማጭ ጥቂት ቢታገሥ መልካም ነው፤ ይህች አንዲት መስመር ብዙ ትናገራለችና። ልጁ የተጻፈው ፖል ተብሎ ነው፤ ስለዚህ አፖሎስን ብቻ የሚፈልግ ሰው ሳያየው ያልፋል። ጊዜው እንደ ዕቃ ዋጋ ወጥቶለታል፤ ከግምቱ 10 ፓውንድ ጨምሮ በ40 ፓውንድ ነፃነቱን ገዛ። የስደተኛው ዱካ የተገኘው በራሱ እጅ በተጻፈ ማስታወሻ ሳይሆን በጌታው የውርስ መዝገብ ውስጥ ነው። ለድኻ ቅድመ አያት ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዲሁ ነው።

የቤተሰብ ስሙም ለቦስተን ሰዎች አፍ እንዲመች ሪቪር ሆነ። በ1729 ዲቦራ ሂችቦርንን አገባ። ልጃቸው ፖል ሪቪር የተጠመቀው በመዝገቡ መሠረት ታኅሣሥ 22 ቀን 1734 ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር ግን ጥር 2 ቀን 1735 ይሆናል፤ እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ የጁልያንን አቆጣጠር የተዉት በ1752 ነውና። ይህን የማያውቅ ተመራማሪ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ሚያዝያ 18 ቀን 1775 ሌሊት የእንግሊዝ ጦር መነሣቱን ለማሳወቅ ወደ ሌክሲንግተን የጋለበው ይኸው ልጅ ነው።

የፈረንሳዩ ወገን ፍለጋ ይበልጥ ይከብዳል። እስከ 1787 ድረስ መንግሥት የፕሮቴስታንቶችን ጋብቻና ልደት በሕግ አያውቅላቸውም ነበር፤ ብዙዎቹ በካቶሊክ ደብር መዝገብ ተመዝግበዋል። ሌላው መንገድ በውል አዋዋዮች ዘንድ የቀረ የጋብቻ ውልና ኑዛዜ ነው። የሪቪር ቤተሰብ ግን ዕድለኛ ነው፤ ልጁ ፖል ጌርንዚና ፈረንሳይ ከቀሩት ዘመዶቹ ጋር ይጻጻፍ ነበር፤ የቤተሰቡም ወረቀቶች በማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ተቀምጠዋል።