ጋሪዋ ምን ጫነች?

በሐዋሳ ጎዳና የጋሪ ኮቴ ለማንም ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን አንዲት የአህያ ጋሪ በጤፍና በማገዶ ፈንታ የተረት መጻሕፍት ጭና ብቅ አለች። ጋሪዋ ስትቆም ልጆች ይከቧታል፤ የፈለጉትን እየመረጡ እዚያው ተቀምጠው ያነባሉ።

ሐሳቡ የአቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነው። በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ሲሠሩ፣ መደርደሪያው የብዙ አገር ቋንቋ ይዞ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጡበት። ከደራሲዋ ጄን ከርትዝ ጋር «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በልገሳ የተገኙ 15 ሺህ ያህል መጻሕፍት ይዘው አገራቸው ገቡ። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ ውስጥ መኖሪያ ቤታቸውን ከፍለው ለልጆች ነፃ ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ።

የልገሳ መጻሕፍት ግን አንድ ጣጣ አላቸው፤ አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ናቸው። የሲዳማ ገጠር ልጅ ሥዕሉን አይቶ ይስቃል፣ ታሪኩን ግን ሌላ ሰው ካልተረጎመለት አያገኘውም። አቶ ዮሐንስ ይህ ገብቷቸው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈ ባለቀለም የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ። ዛሬ በገጠር ቤተ መጻሕፍት ለመክፈት የልገሳ መጻሕፍት በካርቶን የሚያሰባስብ ሁሉ፣ ከገንዘቡ ላይ ለሲዳምኛና ለአማርኛ መጻሕፍት መግዣ ቢያስቀር ይበጀዋል።