ለፋሲካ ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ ኪኒናችሁን አትርሱ



ፋሲካ ሲደርስ ብዙዎቻችሁ ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም ወላጅ ለመጠየቅ ወደ ገጠር ትሄዳላችሁ። ዶሮው ይታሰባል፣ ጠላው ይታሰባል፤ ኪኒናው ግን ቤት ይቀራል።

ከመነሳታችሁ በፊት ካርዳችሁን እዩ። የሦስት ወሩ መርፌ ቀጠሮ በበዓሉ ላይ ከዋለ፣ ቀደም ብላችሁ ኑና ተወጉ። ኪኒና የምትወስዱም በመቀነታችሁ ቋጥራችሁ ያዙት።

አንድ ቀን ከረሳችሁ እንዳስታወሳችሁ ዋጡ፤ የዕለቱንም በሰዓቱ ውሰዱ። 2 ቀን ካለፋችሁ ኪኒናውን ሳታቋርጡ ለ7 ቀን ኮንዶም ጨምሩበት።

ሁዳዴን 55 ቀን የጾመ ሆድ፣ ዶሮ ሲጮህ ቅባትና ሥጋ ቢበዛበት ያስመልሳል። በጥቂቱ ጀምሩ። ከዋጣችሁ 3 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሳችሁ ሌላ ኪኒና ዋጡ።

በዓሉ በሳምንቱ ያልፋል፤ ያልታሰበ እርግዝና ግን አብሯችሁ ይመለሳል።

መልካም ፋሲካ!