ጎነ ትይዩ የሆነ ማሳ እንዴት ይለካል?

ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። ዛሬ አንድ ባዶ የክብሪት ቀፎም ያስፈልገናል።

የክብሪቱን መሳቢያ አውጡና ቀፎውን በክፍቱ በኩል ተመልከቱት። ባለ አራት ማዕዘን ነው። አሁን ከላይ በጣታችሁ ወደ ጎን ገፋ አድርጉት። ዘመመ አይደለም? ይህ የዘመመ ቅርጽ ጎነ ትይዩ ይባላል። ፊት ለፊት የሚተያዩት ጎኖቹ እኩል ናቸው፤ ቢረዝሙም አይገናኙም። ፊት ለፊት የሚተያዩት ማዕዘኖቹም እኩል ናቸው። ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ማዕዘኖች ግን ሲደመሩ 180 ዲግሪ ይሆናሉ። ይህን የያዘ ሰው ያልለካውን ማወቅ ይችላል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ ጎነ ትይዩ የሆነ ማሳ አለው እንበል። አንድ ዙር ለማጠር 320 ሜትር ሽቦ ፈጀ። በመንገዱ በኩል ያለው ጎን 100 ሜትር ነው። የዘመመው ጎን ስንት ይሆናል? ከመንገዱ ጎን ፊት ለፊት ያለውም 100 ሜትር ስለሆነ፣ ሁለቱ 200 ሜትር ወሰዱ። ከ320 ላይ 200 ሲቀነስ 120 ይቀራል። ይህ ለሁለት ሲካፈል 60 ሜትር ይሆናል።

የቆዳ ስፋቱስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 100ን በ60 አባዝቶ 6,000 ካሬ ሜትር ይላል። እስቲ ቀፎውን እንደገና ግፉት! ጎኖቹ አላጠሩም፤ ውስጡ ግን ጠበበ። ጨርሶ እስኪተኛ ብትገፉትማ ውስጡ ይጠፋል። ስለዚህ የሚባዛው የዘመመው ጎን ሳይሆን ቁመቱ ነው። ቁመት ማለት ከአንዱ ጎን ተነሥቶ ፊት ለፊቱ እስካለው ጎን ድረስ ያለው ቀጥተኛ ርቀት ነው። ገበሬያችን ገመዱን ሳያዘም ቀጥ አድርጎ ቢለካ 50 ሜትር አገኘ። እንግዲህ 100 በ50 ሲባዛ 5,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ነው።

ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ማዳበሪያ ቢታዘዝ ለዚህ ማሳ 50 ኪሎ ይበቃል። በ6,000 ያሰላው ግን 60 ኪሎ ይገዛል። አሥሩን ኪሎ በብድር ከወሰደማ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው!

አሁን ደግሞ እናንተ ሞክሩ። የአንድ ጎነ ትይዩ ማሳ የቆዳ ስፋት 2,000 ካሬ ሜትር፣ አንዱ ጎን 50 ሜትር ነው። ከዚህ ጎን የሚነሣው ቁመት ስንት ነው? አንደኛው ማዕዘን 70 ዲግሪ ቢሆን፣ የቀሩት ሦስቱስ? ያገኛችሁት ቁመት በ50 ሲባዛ 2,000፣ አራቱ ማዕዘኖች ሲደመሩ 360 ካልመጡ እንደገና ሥሩት። ማንበብና መጻፍ የቻለ እጅ ማሳውንም መለካት አያቅተውም። ደህና ሁኑ።