ያዩትን ወፍ እንደምን መመስከር ይገባል



በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ቀን የሌለው ደብዳቤና ፊርማ የሌለው ቃል ለማንም ማስረጃ አይሆንም። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከመዝገብ ቤት የራቀ ቢመስልም ሕጉ አንድ ነው። ይኸውም በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ፣ ያልተለመደ ወፍ ያየ ሰው ያየውን እንዴት አድርጎ ሊጽፍና ሊያስታውቅ እንደሚገባው ነው።

ነገሩ የጨዋታ ነገር አይደለም። ከጅማ ከተማ ዳር ያለውን የቦዬን ረግረግ የምታውቁት ነው። በጅማ ዙሪያ ባሉት ረግረጎች፣ በዓለም ላይ ቁጥራቸው እየተመናመነ የሄደ ሁለት ዓይነት ወፎች ይታያሉ፤ ሁለቱም ክሬን ይባላሉ። የሚኖሩበት ረግረግ ግን በእርሻ፣ ለጡብ በሚቈፈር ጭቃና በባሕር ዛፍ ተከላ ይጠባል። ስለ ረግረጉ የሚከራከር ሰው «እዚህ ወፍ አለ» ቢል ማን ይሰማዋል? «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ስፍራ ይህን ያህል ታይቷል» ያለ እንደ ሆነ ግን ቃሉ ሚዛን ይደፋል።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከስም በፊት መልክ ይጻፍ። «ክሬን አየሁ» ማለት አይበቃም። አንደኛው በአናቱ ላይ የቆመ ወርቅማ ዘውድ አለው፤ ገላው ጥቁር፣ ጉንጩም ነጭና ቀይ ነው። ሁለተኛው አንገቱ ነጭ፣ ጀርባው አመድማ፣ ሆዱ ጥቁር ሲሆን፣ ከጉሮሮው እንደ ጉትቻ ያሉ ሁለት ነገሮች ይንጠለጠላሉ። ዘውዱን ወይም ጉትቻውን ያላየ ሰው «ይህን አላየሁም» ብሎ ይጻፍ። የጎደለውን በግምት የሞላ እንደ ሆነ፣ እውነተኛውም ቃሉ አብሮ ይጠረጠራል። መጠኑንም ሁሉ በሚያውቀው መለካት ይሻላል፦ «ከርግብ ይበልጣል፣ ከዶሮ ያንሳል» እንደ ማለት።

የአገሬው ሰው የሚጠራበትም ስም ይጻፍ፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። «ጥንብ አንሣ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ወፎች ብዙ ዓይነት ናቸውና።

ቀንና ሰዓት ደግሞ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። እኛ «ጧት በ2 ሰዓት» ስንል ሌላው ዓለም 8 ሰዓት ይለዋል፤ የዘመን ቍጥራችንም ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ያንሳል። ስለዚህ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ጻፍን መግለጥ አለብን። ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በመስከረም ገደማ ደርሰው በሚያዝያ ገደማ ይመለሳሉና፣ በጥር የታየና በሐምሌ የታየ ወፍ ትርጕሙ አንድ አይደለም። ስፍራውም «አጋሮ አጠገብ» ተብሎ አይቅር፤ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ በቡና ጥላ ዛፍ ላይ ነው ወይስ በረግረግ ዳር?

ትንሽ ማስረጃ በጥንቃቄ ሲያዝ ምን ያህል እንደሚረባ ከአገራችን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. ከካምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች በነጭ ሣር ሜዳ፣ በመኪና ተጨፍልቃ የሞተች አንዲት የሌሊት ወፍ አዳኝ ዘመድ ሳትሆን፣ ነፍሳትን በሌሊት እየበረረች የምትለቅም ወፍ አገኙ። ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉን ከነስፍራውና ከነቀኑ አቈይተው በሙዚየም ካሉት ጋር ካስተያዩት በኋላ፣ በ1995 አዲስ ዓይነት መሆኗ ተገልጦ፣ በላቲን «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ትርጕም ያለው «ሶላላ» የሚል ስም ወጣላት። ያንን ክንፍ ያገኘ ሰው «እንግዳ ወፍ አየሁ» ብሎ አውርቶ ቢያልፍ ኖሮ፣ ወሬው በዚያው በቀረ ነበር።

ስለዚህ፣ አንባቢዬ ሆይ፣ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ቦዬ ወይም ወደ ቡናው ጥላ ስትወጡ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ወፉ ገና ከዓይናችሁ ሳይሰወር፣ መጽሐፍ ሳትገልጡና ባልንጀራችሁን ሳትጠይቁ ጻፉ። ሁለት ሆናችሁ ያያችሁ እንደ ሆነ ለየብቻ ጽፋችሁ በኋላ አስተያዩ። በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ቢቻል መልካም ነው፤ ለፎቶግራፍ ሲባል ግን ወደ ጎጆው መቅረብ አይገባም። የጻፋችሁትንም በ1966 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ብታስታውቁ፣ ከሌሎች ምስክርነት ጋር ይመዘናል።

ረግረጉና ወፉ አፍ የላቸውም፤ የሚናገርላቸው የእኛ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉም የታየውን ብቻ ይናገር።