በዓይናችን ደጃፍ የቆመው ዘበኛ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

አሊዩ አምባ ድሮ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ወደ አንኮበር ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍባት ገበያ ነበረች። እንዲህ ያለ መተላለፊያ ነዋሪውን ከእንግዳው የሚለይ ዘበኛ ይፈልጋል። አላህ (ሱ.ወ) ለገላችንም በየደጃፉ ዘበኛ አቁሞለታል። ዛሬ የምንመለከተው በዓይን ቆባችን ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለውን ነው።

ይህን ገጽ የሸፈኑት ሴሎች እንደ ግድግዳ ዝም ብለው የቆሙ አይደሉም። በላያቸውና በውስጣቸው፣ በባክቴሪያ ላይ እንጂ በሰው ገላ ላይ የማይገኝን ምልክት የሚለዩ ተቀባዮች አሏቸው። ባዕድ መግባቱን ሲያውቁ ኬሚካላዊ መልእክት ልከው ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ። ዓይን የሚቀላውና የሚያብጠው ያን ጊዜ ነው። የዚህ አሠራር ፍንጭ እ.ኤ.አ. በ1996 በእነ ጁልስ ሆፍማን የተገኘው ከፍራፍሬ ዝንብ ነበር። በ1998 ብሩስ ቦይትለር በአይጥ ላይ አረጋገጠው፤ ሁለቱም በ2011 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት መካከል ናቸው።

በእኛ አገር ግን ዝንብ የምትታወቀው በሌላ ሥራዋ ነው። ትራኮማን ከአንዱ ሕፃን ዓይን ወደ ሌላው ታደርሳለች፤ እጅና ፎጣም ያግዟታል። አማራ ክልል ይህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ባክቴሪያው ደጋግሞ ሲገባ ዘበኛው ደጋግሞ ይጮኻል፤ ከዓመታት በኋላ ውጊያው ራሱ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል፤ በመጨረሻም ብርሃን ይጠፋል። ሕፃናትን የሚያሳድጉት እናቶች ይበልጥ ይጎዳሉ። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ ጸጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። መፍትሔው የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ ለሶላት ውዱእ ስናደርግ ፊታችንን እንታጠባለን። ለሶላት ያልደረሰው ልጃችን ግን ዝንብ ወሮት ይውላል። «ውሃው ሩቅ ነው» እንላለን፤ እውነት ነው፣ ጀሪካኑን የተሸከመችው እናት ታውቀዋለች። ነገር ግን በውዱእ ላይ ውሃ ማባከን የተጠላ ነው። ከማንቆርቆሪያው የቆጠብናት ጥቂት ውሃ የአንድ ሕፃን ፊት ታጥባለች። መጸዳጃ እንቆፍር፤ የትራኮማ መድኃኒት በዘመቻ ሲታደልም ቤተሰቡ በሙሉ ይውሰድ። ዘበኛው ሥራውን ያውቃል፤ የእኛ ድርሻ ጠላትን በየቀኑ ደጁ ላይ አለማምጣት ነው።

አላህ የልጆቻችንን ዓይን ይጠብቅልን። አሚን።