መጀመሪያ ማግኔት

እሷ፦ ግቢያችን ውስጥ የድሮ ላንድሮቨር ፒካፕ ቆማለች እንበል። ቦዲዋን ራሳችን ማደስ እንችላለን?

እሱ፦ እንችላለን። ግን ከቀለሙ በፊት ማግኔት ያስፈልጋል።

እሷ፦ ማግኔት ደግሞ ለምን?

እሱ፦ ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ስትወጣ እንግሊዝ ገና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አላገገመችም፤ ብረት በራሽን ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ቦዲ አልሙኒየም ሆነ። ማግኔቱ ብረቱ የቱ ጋ እንዳለ ያሳይሻል።

እሷ፦ አልሙኒየም ከሆነማ አይዝግም!

እሱ፦ ቀይ ዝገት አያወጣም። ብረት በነካበት ቦታ እርጥበት ሲገባ ግን ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። የበሮቹን ታች እዪ፤ ውስጣቸው የብረት ፍሬም ነው።

እሷ፦ ብዙ ሰው ስቱኮ ለጥፎ ቀለም ይቀባበታል።

እሱ፦ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ! ስቱኮ ለትንሽ ጎድጓዳ እንጂ ለቀዳዳ አይደለም። የበሰበሰው ተቆርጦ ይውጣ፣ አዲስ ላሜራ ይግባ።

እሷ፦ ብየዳውንም ቤት? እዚህ ላይ አልስማማም። አልሙኒየም ቶሎ ቀልጦ ይበሳል።

እሱ፦ ልክ ነሽ፣ እሱ ለባለሙያ ይሰጥ። የነዳጅ ታንከሩም ከወንበሩ ሥር ስለሆነ አስቀድሞ ይውረድ።

እሷ፦ ለእኛስ ምን ቀረልን?

እሱ፦ ብዙ! ፓራፋንጎው በብሎን ነው የታሰረው። ፈትተሽ፣ አጥበሽ፣ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልሽ ታለሰልሺዋለሽ።